ሙዚቃው ንግግሩን እንዳይውጠው፦ የቪዲዮ ድምፅ ማመጣጠኛ ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ድርጅት የምሥረታ በዓል ቪዲዮ ኤዲት አደረግሁ። ተራኪው መጨረሻ ላይ «በዓሉ በድምቀት ተከበረ» ይላል። ከሥር ክራር ያለበት ሞቅ ያለ ሙዚቃ አስገባሁ። ቪዲዮው አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። የሰሙት «ተቀበረ» ነበር።

ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው፤ «ከ» እና «ቀ»። የክራሩ ምት ልክ እዚያች ፊደል ላይ አርፏል። ያን ዓረፍተ ነገር ኤዲት ሳደርግ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አንድም ጊዜ «ተቀበረ» ብሎ አልተሰማኝም። ጽሑፉን በቃሌ አውቀዋለሁና።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኤዲት የሚያደርገው ሰው ንግግሩን ሸምድዶታል። ስለዚህ ሙዚቃው ቃሉን ቢሸፍነውም ጆሮው የጎደለውን ይሞላለታል። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ የሚሰማ ይመስለዋል። ተመልካቹ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው። ያውም በስልክ፣ ያውም ታክሲ ውስጥ።

ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። ሙዚቃው ከንግግሩ በኋላ የሚገባው በምክንያት ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገያል። ብዙዎቹም ባሱን ከልክ በላይ ያጎላሉ።
- ተራ ስልክ። ውድ ባይሆን ይመረጣል፤ ብዙው ተመልካች የሚያየው በእሱ ነው።
- የንግግሩ ጽሑፍ፣ ከሌለ ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ዓረፍተ ነገሮች በወረቀት ላይ።
- ቪዲዮውን ጨርሶ ያልሰማ አንድ ሰው። ይህ ሰው ከማንኛውም ፕሮግራም ይበልጥባችኋል። ደረጃ 7 እስኪደርስ ምንም ነገር አታሰሙት።

ቀጥሎ ፕሮጀክቱን ኮፒ አድርጉ። ዋናውን ሳትነኩ በኮፒው ሥሩ።

ከዚያ ትራኮቹን (ድምፆቹ የሚቀመጡባቸውን መስመሮች) ለዩ። አንዱ ተናጋሪ በአንድ ትራክ፣ ሌላው ተናጋሪ በሌላ ትራክ፣ ሙዚቃው ለብቻው፣ የአካባቢው ድምፅ (የገበያው ጫጫታ፣ የወፉ፣ የዝናቡ) ለብቻው። ሁለት ሰው አንድ ትራክ ላይ ተደባልቆ ከተቀመጠ በኋላ ላይ አንዱን ስታነሱ ሌላው አብሮ ይነሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የኮምፒውተሩን ቮልዩም አንዴ አስተካክሉና ከዚያ አትንኩት። ተናጋሪው አጠገባችሁ ተቀምጦ እንደሚያወራ ያህል ይሁን። በየመሃሉ ከፍ ዝቅ የምታደርጉት ከሆነ የምትመዝኑበት ሚዛን ራሱ ይጠፋባችኋል።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር ልበል። ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው። በኤዲት ፕሮግራሞች ውስጥ ዜሮ ዴሲቤል ጣሪያው ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በመቀነስ ምልክት ይጻፋል። 10 ዴሲቤል ሲቀነስ ድምፁ ለጆሮ ግማሽ ያህል ዝቅ ያለ ይመስላል። ለዚህ ሥራ ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

## ደረጃ 1፦ ንግግሩን ብቻውን አጽዱ

1. የሙዚቃውን ትራክ ሚውት አድርጉ።
2. ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቆሙ ስሙ። የሚረብሻችሁን ሰዓቱን እየያዛችሁ ጻፉ።
3. ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በሃይ ፓስ ፊልተር ቁረጡ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። የመኪና ጉርምርምታ፣ ጠረጴዛ ሲነካ የሚሰማው ድምፅ፣ የማይኩ ንዝረት በብዛት እዚያ ነው ያለው። ተናጋሪው በጣም ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ ከሆነ 80 ላይ ቁሙ።
4. «ኡኡኡ» የሚል ቀጥ ያለ ጉምጉምታ ካለ የመብራት ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉምጉምታው 50፣ 100 እና 150 ላይ ይገኛል። በኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) በእነዚህ ላይ ጠባብ አድርጋችሁ ቀንሱ።
5. የድምፅ ማጽጃ ኢፌክት ካስፈለገ በትንሹ ተጠቀሙ። ድምፁ ውኃ ውስጥ የሚያወራ ሰው መምሰል ሲጀምር አልፋችኋል፤ ተመለሱ።

ብዙ ሰው «ትንሽ ጫጫታ አለው፣ ሙዚቃው ይሸፍነዋል» ይላል። አይሸፍነውም። ጫጫታና ሙዚቃ ተደምረው ንግግሩ ላይ ይወጡበታል። የክፍል ገደል ማሚቶ ደግሞ የባሰ ነው። ከሙዚቃ ጋር ሲገናኝ የፊደሎቹን ጠርዝ ያሟሟዋል።

ገና ካልቀረጻችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ አርቁት። ባዶ ሳሎን ውስጥ አትቅረጹ። መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ልብስ የሞላበት ክፍል ፈልጉ። ከተናጋሪው ጀርባና ጎን ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል።

## ደረጃ 2፦ የንግግሩን ከፍታ እኩል አድርጉ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ጊዜ ስጡ የምለው ለዚህኛው ነው። ንግግሩ ራሱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ለሙዚቃው ትክክለኛ ቦታ ልታገኙለት አትችሉም። ጮክ ላለው ንግግር ልክ የሆነው ሙዚቃ ሹክሹክታውን ይውጠዋል።

አማርኛ ላይ ደግሞ የራሱ ችግር አለ። ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ተናጋሪው ትንፋሹ የሚያልቅበት፣ ድምፁም የሚወርድበት መጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ በሙዚቃ መጀመሪያ የሚዋጠው የዓረፍተ ነገሩ ዋና ቃል ነው። «ያን ጊዜ እንግዲህ እኔ ትምህርት ቤት...» እስከሚለው ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ገባሁ» ይሁን «አልገባሁም» ግን አይታወቅም። አንዲት እናት ስለ ልጅነታቸው ሲያጫውቱ የቀረጽኩትን ሳስተካክል ያየሁት ይህንኑ ነው። የእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ በሞገዱ (ፕሮግራሙ ድምፁን በሚስልበት ምስል) ላይ እንደ አይጥ ጅራት ቀጥኖ ነበር።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ተራው ንግግር በሚተሩ (የድምፁን ከፍታ በሚያሳየው መለኪያ) ላይ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ባለው መካከል እንዲዘል አድርጉ።
2. ሞገዱን አጉልታችሁ እዩ። የዓረፍተ ነገሩ ጅራት የቀጠነበትን ቦታ ሁሉ ለይታችሁ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል አንሱት። ክሊፑን ቆርጣችሁ ወይም ኪፍሬም (ቮልዩሙ የሚለወጥበትን ነጥብ) ተክላችሁ በእጅ ሥሩት። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ምትክ የለውም።
3. ሳቅ፣ ጩኸት፣ ማይክ ላይ የተተነፈሰ ትንፋሽ ካለ በዚያው ዙር ዝቅ አድርጉ።
4. የእጁ ሥራ ካለቀ በኋላ ኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውን ድምፅ በራሱ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ጨምሩ። ሬሾው (የቅነሳው ጥንካሬ) 3 ለ 1 ይሁን። ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ብቻ እንዲቀንስ አድርጉት።
5. ጠያቂና ተጠያቂ ካሉ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ስሙ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንዱ ከሌላው ርቆ የተቀመጠ ከመሰላችሁ ገና ናችሁ።

ከተበላሸ፦ ኮምፕሬሰሩን ስታበሩ የክፍሉ ጫጫታና ትንፋሹ ከፍ ብሎ ከወጣ፣ በእጅ የሚሠራውን ዘላችሁታል ማለት ነው። ኮምፕሬሰሩን አጥፉና ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ።

## ደረጃ 3፦ ለንግግር የሚሆን ሙዚቃ ምረጡ

በዚህ ምርጫ ላይ የተሳሳተ ሰው በቮልዩም አያስተካክለውም።

ግጥም ያለው ዘፈን ከንግግር ሥር አታስገቡ። በተለይ የአማርኛ ዘፈን ከአማርኛ ትረካ ሥር። ሰሚው ቋንቋውን ስለሚያውቅ ሁለቱንም ሊከተል ይሞክራል፤ ሁለቱም ያመልጡታል። ዘፈኑን የግድ ከፈለጋችሁት ማንም በማይናገርበት ቦታ አስገቡት።

መሣሪያውን አስተውሉ። ማሲንቆና ዋሽንት የሚንቀሳቀሱት የሰው ድምፅ ባለበት ሠፈር ነው። ማሲንቆ ሲጫወት ሰው የሚያንጎራጉር ይመስላል፤ ውበቱም እሱ ነው። ከትረካ ሥር ሲሆን ግን ሁለተኛ ተናጋሪ ይሆናል። ክራር ችግሩ ምቱ ነው። እያንዳንዱ ክር ሲመታ አጭርና ስለታም ድምፅ ያወጣል። ከጉሮሮ ገፋ ብለው የሚወጡት «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ጰ» ደግሞ እንደዚያው አጭርና ስለታም ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲያርፉ «መጣ» እና «መታ» አይለዩም። በገና ረጋ ያለ ቢመስልም ዝዝዝ የሚለው ንዝረቱ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ከተራ ሙዚቃ ይበልጥ ዝቅ መደረግ አለበት።

እነዚህን መሣሪያዎች ተዉ ማለቴ አይደለም። መግቢያው ላይ፣ ምዕራፍ ሲቀየር፣ መዝጊያው ላይ በሙሉ ድምፃቸው አስገቧቸው። ንግግሩ ሲጀምር ግን ረጋ ያለና ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጥ፣ ዜማው ጎልቶ የማይወጣ ሙዚቃ ይረከባቸው። ለስለስ ያለ ፒያኖ ወይም ረዘም ብሎ የሚቆይ የኪቦርድ ድምፅ በብዙ ቦታ ይሠራል።

ስለ ባለቤትነት፦ የሰው ሙዚቃ ያለፈቃድ ከጫናችሁ የዩቲዩብ መለያ ሥርዓት ሊይዘውና ገቢው ለሙዚቃው ባለቤት ሊሄድ፣ ወይም ቪዲዮው ሊታገድ ይችላል። ሙዚቀኛውን የምታውቁት ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ካልሆነ የዩቲዩብ የራሱ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ነጻ ሙዚቃ አለው።

## ደረጃ 4፦ ሙዚቃውን ከዜሮ ወደ ላይ አምጡት

የተለመደው ስህተት ሙዚቃውን በሙሉ ድምፁ አስገብቶ «እስኪበቃ» ዝቅ ማድረግ ነው። ጆሮ ጮክ ያለውን ከለመደ በኋላ ትንሽ ሲቀነስለት «በቃ፣ ተስተካክሏል» ይላል። በተቃራኒው ሂዱ።

1. የሙዚቃውን ቮልዩም እስከ ታች ጨርሳችሁ ዝጉት።
2. ከንግግሩ ውስጥ በጣም ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልጉ። ጮክ ያለውን አይደለም። እዚያ ላይ 20 ሰከንድ ያህል ደጋግሞ እንዲጫወት አድርጉ።
3. ሙዚቃውን ቀስ እያላችሁ አንሱት። «አሁን ሙዚቃ አለ» ብላችሁ የምታስተውሉበት ቦታ ላይ አቁሙ።
4. ከዚያ 2 ዴሲቤል መልሳችሁ ቀንሱ።
5. ሚተሩን እዩ። ንግግሩ ከ-12 እስከ -6 የሚዘል ከሆነ፣ ሙዚቃው ከ-30 እስከ -24 አካባቢ መሆን አለበት። የልዩነቱ መነሻ 18 ዴሲቤል ነው ብላችሁ ያዙ።

የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የሆነው ደብልዩካግ (WCAG) በከፍተኛው ደረጃው ከንግግር ሥር ያለ ድምፅ ቢያንስ በ20 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል ይጠይቃል። ይህ የተጻፈው መስማት ለሚቸግራቸው ሰዎች ታስቦ ነው። ቪዲዮዋችሁን አረጋውያን የሚያዩት ከሆነ፣ ወይም የጤና፣ የሕግ፣ የትምህርት ጉዳይ ከሆነ፣ ልዩነቱን ከ20 ዴሲቤል አታሳንሱት። የሠርግ ወይም የጉዞ ቪዲዮ ከሆነ 15 ሊበቃ ይችላል።

በስልክ በካፕካት ወይም በቪኤን የምትሠሩ ዴሲቤሉ ላይታያችሁ ይችላል። ሙዚቃውን 10 ላይ አስጀምሩና በጆሯችሁ ከ2 እስከ 3 እየጨመራችሁ ሂዱ። 30 ደርሳችሁ አሁንም «አልተሰማኝም» የምትሉ ከሆነ ጆሯችሁ ደክሟል። ሩብ ሰዓት ተነሱና ተመለሱ።

## ደረጃ 5፦ ሰው ሲናገር ዝቅ፣ ዝም ሲል ከፍ

ሙዚቃው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከፍታ ላይ ከቆየ ቪዲዮው ይደርቃል። ንግግር በሌለበት ከፍ ይበል፤ ንግግር ሲመጣ ቦታ ይልቀቅ። ይህን በእጅ ወይም በፕሮግራሙ መሥራት ይቻላል። ከ5 ደቂቃ በታች ለሆነ ቪዲዮ በእጅ መሥራቱን እመርጣለሁ።

በእጅ

1. ንግግሩ ከመጀመሩ ግማሽ ሰከንድ በፊት ሙዚቃው መውረድ ይጀምር። የመጀመሪያው ቃል ሲመጣ ወርዶ ማለቅ አለበት። ከቃሉ ጋር አብሮ የሚወርድ ከሆነ የመጀመሪያው ቃል ይሞታል።
2. ንግግሩ ካለቀ በኋላ ትንሽ ታገሡ፤ ከዚያ በ1 ሰከንድ ወይም በ2 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይውጣ።
3. ዝምታው ከ3 ሰከንድ ያነሰ ከሆነ ሙዚቃውን አታንሱት። ሰውየው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ሙዚቃ ብቅ ካለ ተመልካቹን ያደክመዋል።
4. ከፍ ሲልም ከንግግሩ ከፍታ አይለፍ። ንግግሩን ለመስማት ቮልዩሜን የጨመርኩ ተመልካች ብሆን፣ ሙዚቃው በድንገት ሲጮህብኝ ቪዲዮውን ነው የምዘጋው።

በስልክ የምትሠሩ ሙዚቃውን ንግግሩ በሚጀምርበትና በሚያልቅበት ቦታ በስፕሊት ቁረጡት። የየክፍሉን ቮልዩም ለየብቻ ስጡ። መጋጠሚያው ላይ ዱብ የሚል ከሆነ አንዱን ክፍል በፌድ አውት፣ ሌላውን በፌድ ኢን አለስልሱት፤ ወይም ኪፍሬም ተጠቀሙ።

በፕሪሚየር ፕሮ

«ኢሴንሻል ሳውንድ» የሚለውን ፓነል ክፈቱ። የንግግሩን ክሊፖች መርጣችሁ «ዳያሎግ»፣ ሙዚቃውን «ሚዩዚክ» በሉት። የሙዚቃው ክፍል ውስጥ «ዳኪንግ»ን (ንግግር ሲመጣ ሙዚቃውን ዝቅ የሚያደርገውን) አብሩና «ጄኔሬት ኪፍሬምስ» በሉ። ከዚያ በኋላ ክሊፖቹን ካንቀሳቀሳችሁ ኪፍሬሞቹ አብረው አይታረሙም። እንደገና ማመንጨት አለባችሁ።

በዳቪንቺ ሪዞልቭ

ነጻው ስሪት ይበቃል። ወደ ፌርላይት ገጽ ሂዱ። በሚክሰሩ ላይ የንግግሩን ትራክ ዳይናሚክስ ክፈቱና «ሴንድ»ን አብሩ። ከዚያ የሙዚቃውን ትራክ ዳይናሚክስ ክፈቱ፣ ኮምፕሬሰሩን አብሩ፣ «ሊስን»ን ተጫኑ። አሁን ሙዚቃው የሚቀነሰው ንግግሩን እየሰማ ነው። ሬሾውን 4 ለ 1 አድርጉ። ሙዚቃው ከ8 እስከ 12 ዴሲቤል እስኪወርድ ድረስ ትሬሾልዱን (ቅነሳው የሚጀምርበትን ከፍታ) ዝቅ አድርጉ። ሪሊሱን (ንግግሩ ካቆመ በኋላ ሙዚቃው ተመልሶ የሚወጣበትን ጊዜ) ረዘም አድርጉት፤ ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ።

በኦዳሲቲ

የሙዚቃውን ትራክ ከላይ፣ የንግግሩን ትራክ ልክ ከሥሩ አስቀምጡ። ሙዚቃውን ብቻ መርጣችሁ «ኦቶ ዳክ» የሚለውን ኢፌክት ክፈቱ። ራሱ የሚያመጣላችሁ ቅነሳ -12 ዴሲቤል ነው። ሙዚቃው መጀመሪያውኑ ጮክ ያለ ከሆነ ይህ አይበቃም፤ -16 ወይም -18 አድርጉት። የረዥሙን ዝምታ ልክም ከ1 ሰከንድ ወደ 3 ሰከንድ ከፍ አድርጉ። ኢፌክቱ እምቢ ካለ ትራኮቹ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ንግግሩ ከሙዚቃው ሥር መሆን አለበት።

## ደረጃ 6፦ ከሙዚቃው ላይ ለንግግር ቦታ ቅደዱ

ሙዚቃውን እስካሁን ባለው ዝቅ አድርጋችሁ አሁንም ቃላቱ ከተድበሰበሱ፣ በደፈናው መቀነሱን አቁሙ። የሙዚቃው ትራክ ላይ ኢኪው ክፈቱ።

1. ከ1000 እስከ 4000 ኸርዝ መካከል ያለውን ሰፋ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጉት። 3 ወይም 4 ዴሲቤል ይበቃል። ፊደላትን የምንለይባቸው ድምፆች በብዛት እዚህ ናቸው።
2. ኢኪውን እያበራችሁ እያጠፋችሁ ስሙ። ሙዚቃው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ የሄደ ሊመስል ይገባል። ቆርቆሮ ወይም ጣሳ ውስጥ የገባ ከመሰለ አብዝታችኋል።
3. የሙዚቃው ባስ ወንድ ተናጋሪውን የሚያፍነው ከሆነ 200 ኸርዝ አካባቢ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱ።

የንግግሩን ኢኪው ለማድመቅ አትቸኩሉ። 3000 ኸርዝ አካባቢ 2 ዴሲቤል መጨመር ያጠራዋል። ከዚያ ካለፋችሁ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ መውጋት ይጀምራሉ።

## ደረጃ 7፦ ፈትኑ

አሁን ያ ምንም ያልሰማ ሰው ይምጣ።

1. ቪዲዮውን ከነድምፁ አውጡና ወደ ስልክ ላኩት። ፕሮግራሙ ውስጥ አትፈትኑ።
2. ሰውየው በስልኩ ስፒከር ይስማ። ቮልዩሙ ግማሽ ላይ ይሁን። መስኮት ክፈቱ፤ የመንገዱ ድምፅ ይግባ።
3. «ይሰማል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ላለማስቀየም «አዎ፣ ቆንጆ ነው» ይላል። በየመሃሉ አቁማችሁ «ምን አለ?» በሉት። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ይድገምላችሁ።
4. ከወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ። የተሳሳተውን ቃል ምልክት አድርጉበት። ስሞች፣ ቁጥሮችና የዓረፍተ ነገር መጨረሻዎች ላይ በርትታችሁ ጠይቁ።
5. የተሳሳተበትን ቦታ ብቻ ተመልሳችሁ አርሙ። ለአንድ ቃል ብላችሁ ሙዚቃውን ከዳር እስከ ዳር አትቀንሱ። ሙዚቃውን እዚያች ቃል ላይ 3 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ወይም ምቱን በጥቂቱ ወደ ጎን ማንሸራተት ይበቃል። የእኔ «ተከበረ» የዳነው ሙዚቃውን ሩብ ሰከንድ ወደ ኋላ በማንሸራተት ነበር።

አንድ ሰው ለሁለት ዙር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ከዚያ በኋላ እሱም ሸምድዶታል።

ፕሮግራማችሁ ሞኖ የሚል (ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ የሚያሰማ) ቁልፍ ካለው ተጭናችሁ አንዴ ስሙ። ንግግሩ ከሳሳ ወይም ከጠፋ የግራና የቀኙ ቻናል እየተጣሉ ነው። የንግግሩን ትራክ አንዱን ቻናል ብቻ እንዲጠቀም አድርጉት።

## ደረጃ 8፦ ኤክስፖርት

1. መውጫው ላይ ሊሚተር (ድምፁ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚያግድ መሣሪያ) አስገቡ፤ ጣሪያው -1 ዴሲቤል ይሁን።
2. የላውድነስ ሚተር ካላችሁ ቪዲዮውን በሙሉ አጫውታችሁ ለኩ። ለዩቲዩብ -14 ሉፍስ (የቪዲዮው አጠቃላይ ድምፅ ምን ያህል እንደሚጮህ መለኪያ) አካባቢ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ የጮኸውን ዩቲዩብ ራሱ ይቀንሰዋል። ዝቅ ብሎ የተጫነውን ግን ከፍ ያደርግልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።
3. ለቴሌቪዥን ከሆነ የጣቢያውን መስፈርት አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአውሮፓ ማሰራጫዎች የሚከተሉት -23 ሉፍስ ነው። ለዩቲዩብ የሠራችሁት እዚያ ሊመለስባችሁ ይችላል።
4. ድምፁን 48 ኪሎ ኸርዝ አድርጉ።
5. የወጣውን ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙ። ግማሹን አይደለም፤ ሙሉውን።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ሙዚቃው እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ሪሊሱ አጥሯል። ወደ 1 ሰከንድ አስረዝሙት። ካልሆነ የሚቀነሰውን መጠን ከ12 ወደ 8 አውርዱ።

በጆሮ ማዳመጫ ጥሩ ነው፣ በስልክ ሙዚቃው የለም። ሙዚቃው ባስ ብቻ ነው ማለት ነው። ትንሽ የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። ቮልዩሙን አትጨምሩ፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማውን ሰው ትጎዱታላችሁ። መካከለኛ ድምፅ ያለው ሌላ ሙዚቃ ፈልጉ።

ንግግሩ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል። ማይኩ የቀረጸው አንድ ቻናል ላይ ነው። ክሊፑን ወደ ሞኖ ቀይሩት። ይህን ሳታርሙ ሙዚቃውን አታመጣጥኑ፤ ሁሉም ነገር ተመልሶ ይፈርሳል።

ሚተሩ ቀይ ያሳያል። መጀመሪያ የትኛው ትራክ እንደሆነ በሶሎ (አንዱን ትራክ ብቻ በሚያሰማው ቁልፍ) ለዩ። ንግግሩ ሲቀረጽ የተሰነጠቀ ከሆነ ቮልዩም መቀነስ አያድነውም፤ ያን ዓረፍተ ነገር እንደገና ቅረጹ። ያልተሰነጠቀ ከሆነ ጮክ ያለውን ክሊፕ ብቻ ዝቅ አድርጉ።

ባለጉዳዩ «ሙዚቃውን ጨምርልኝ» ይላል። ይህ በየሥራው ያጋጥማል። እሱም ንግግሩን በቃሉ ያውቀዋል፤ አንዳንዴም ተናጋሪው ራሱ ነው። አትከራከሩ። ሁለቱንም አውጡና ለቤተሰቡ ወይም ለጓደኛው በስልክ እንዲያሰማ ጠይቁት። ሙዚቃው ያነሰው ንግግር በሌለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ እሱ ልክ ነው። እዚያ ጨምሩለት።

ሙዚቃና ንግግሩ አንድ ላይ ተጋግረው ነው ያገኘሁት። መጀመሪያ የጥንቱን ፋይል ፈልጉ። ካሜራውን የያዘውን ሰው ጠይቁ፣ ሚሞሪ ካርዱን ጠይቁ፣ ተናጋሪው በስልኩ ቀርጾ እንደሆነ ጠይቁ። ከጠፋ ድምፅ መለያ መሣሪያ ሞክሩ። የሚከፈልበት ዳቪንቺ ሪዞልቭ «ቮይስ አይሶሌሽን» አለው፤ ፕሪሚየር ፕሮም «ኢንሃንስ ስፒች» አለው። ከ50 እስከ 70 በመቶ ላይ አቁሙት። እስከ መጨረሻ ከገፋችሁት የፊደላቱን ጠርዝ ይበላዋል። የአንዳንዱ ቃል መጨረሻም ይቆረጣል። የተለየውን ንግግር ከጽሑፉ ጋር ቃል በቃል አመሳክሩ። እሱም ካልዳነ ንግግሩን በአማርኛ ጽሑፍ ከሥክሪኑ ሥር አስገቡ፤ ነጭ ፊደል፣ ጥቁር መደብ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር ያልበለጠ።